ጥፍሬ ሥር የነበረው ስፖንጅ

መጀመሪያ ያየው ጣቶቼን ነው። ሴት ልጅ ዓይኗን ወይም ፀጉሯን ሲያዩላት ደስ ይላታል ይባላል፤ እኔ ግን የአባቴን የውድድር መኪና የምጠግንም የምነዳም መካኒክ ነኝና ጣቶቼን የሚያይልኝ ሰው ሲገኝ ልቤ ቀለጠ። በኋላ ለምን እንዳያቸው ስሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሥራው የውድድር መኪናዎችን መቆጣጠር ነው። ከእያንዳንዱ ውድድር በፊት ቀበቶውን፣ ፍሬኑን፣ የነዳጅ ታንኩን እየነካካ ያያል፤ ያልጣመው ነገር ካለ «አይሆንም» ብሎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ከዚህ የተነሣ ስሙን የሚያስታውስ ጠፍቶ ሁሉም «አይሆንም» እያለ ነበር የሚጠራው።

«እህቴ፣ ሞተሩ አምስተኛው ዙር ላይ ለምንድነው የሚቆራርጥብሽ?» አለኝ አንድ ውድድር እንዳለቀ።

እህቴ ማለቱ አልጣመኝም። «ነጂዋ ደክሟት ይሆናል» አልኩት።

ሳቀ። «ፊልትሮው ቆሻሻ ይይዛል?»

«ንጹሕ ነው።»

ውሸቴን ነበር። ዓመት ሙሉ፣ ከእያንዳንዱ ውድድር በኋላ፣ ከነዳጅ ፊልትሮው ላይ ቢጫ ፍርፋሪ እየጠረግሁ ስጥል ከርሜያለሁ። ለአባቴ አልነገርኩትም፤ ብነግረው መኪናዋን ያቆማታል፣ የእኔም መንዳት ይቀራል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት ለሰው ስተርተው ነው የኖርኩት።

እሱ ጣቶቼን አየ። ቆየ። እኔም እጄን ኪሴ አልከተትኩም።

ከዚያ ወዲህ ሰበብ እየፈለገ ወደ እኛ መኪና ይመላለስ ጀመር። «የጎማውን ንፋስ ልይ ብዬ ነው» ይላል፤ የጎማ ንፋስ ማየት ሥራው አይደለም። ሻይ ያመጣልኛል፤ ስኳሩን ረስቶ ሊያመጣ ይመለሳል። ለእኔ ከስኳሩ ይልቅ ሁለቴ መምጣቱ ይጣፍጠኝ ነበር። ወደድኩት፤ ምን አደባብሰዋለሁ።

ነገሩ የተበላሸው ከዓመቱ የመጨረሻና ረጅሙ ውድድር በፊት በነበረው ሐሙስ ነው። ጋራዣችን ድረስ መጣና አባቴን የነዳጅ ታንኩን ክፈቱልኝ አለው።

የውድድር መኪና ታንክ ውስጥ ስፖንጅ ይሞላል፤ መኪናው ቢጋጭ ወይም ቢገለበጥ ነዳጁ እንዳይንቦጫቦጭና እሳት እንዳይነሣ ነው። የእኛን ስፖንጅ አባቴ በገዛ እጁ የሞላው እኔ አንደኛ ክፍል የገባሁ ዓመት ነበር። ያኔ ነጂው እሱ ነበር።

«በዚች መኪና ሁለት ጊዜ ተገልብጫለሁ» አለ አባቴ። «አንዲት ፀጉሬ አልተቃጠለችም። ያዳነኝን ነገር ሆዱን ከፍቼ አልመረምርም።»

«ጋሼ፣ ያኔ አድኖዎታል። ስፖንጅ ግን ነዳጅ ውስጥ ሲኖር ያረጃል፣ ይፈረፈራል። አሁን ውስጡ ምን እንደቀረ እርስዎም እኔም አናውቅም።»

«ራስ ሳይጠና ጉተና» አለኝ አባቴ ወደ እኔ ዞሮ፣ ሰውየው እዚያ የሌለ ይመስል።

«እንግዲያው መኪናዋ እሑድ አትወዳደርም። አይሆንም።»

አባቴ በሩን አሳየው፤ ሁለተኛም እንዳይመጣ ነገረው። እኔ እስከ መንገዱ ተከተልኩት፤ ልሸኘው ሳይሆን ልሰድበው ነው። ዓመቱን ሙሉ የጠበቅሁትን ቀን ወስዶብኝ እንዴት ዝም እላለሁ?

«ለዚህ ነበር ስትመላለስ የከረምከው?» አልኩት።

«ጥፍርሽ ሥር ያለውን ቢጫ ነገር የመጀመሪያው ቀን አይቼዋለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ያኔውኑ መናገር ነበረብኝ። ልናገር እመጣና ሳይሽ ያቅተኛል፤ እንዳትጠይኝ ፈራሁ። እኔም እንዳንቺ ደብቄያለሁ። አሁን ግን ክዳኑን ፈትተሽ እጅሽን ክተቺ፤ ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን ስደቢኝ።»

ለካ ያን ቀን ያየው ጣቶቼን ሳይሆን ቆሻሻቸውን ኖሯል። ውሸቴም ታወቀ፣ ሞኝነቴም ታወቀ፤ የቱ የበለጠ እንዳሳፈረኝ እስካሁን አላውቅም።

ቅዳሜ ጠዋት አባቴ ዕቃ ሊገዛ ሲወጣ የታንኩን ክዳን ሃያ አራቱንም ቡሎን ፈታሁ። እጄን ሰደድኩ። ስፖንጁ ውሃ እንደነካው ዳቦ ጣቶቼ መካከል ሟሟ። የቀረው ይኸው ዝቃጭ ነው፤ ሌላው ምንም የማያግደው ነዳጅ ነው። በዚህ ላይ ተቀምጬ ነው ዓመት ሙሉ የነዳሁት።

አባቴ ሲመለስ መሬት ላይ ተቀምጬ አገኘኝ። የፊልትሮውን ፍርፋሪም ውሸቴንም አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። እጅጌውን ሰብስቦ እጁን ከተተ፤ ሲያወጣው መዳፉ በቢጫ ዝቃጭ ተሞልቷል። ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ።

«እኔን ስላዳነኝ ልጄንም ያድናታል ብዬ» አለ፣ «እሳት ላይ አስቀምጫት ኖሬያለሁ።»

ፍርፋሪውን በመሐረቡ ቋጥሮ ወጣ። የውድድሩ ሜዳ ድረስ ሄዶ፣ መሐረቡን በሰው ፊት ፈትቶ ተቆጣጣሪውን «ልክ ነበርክ» እንዳለው የሰማሁት በኋላ ነው። ይህን ቃል ለእናቴ እንኳ ብሏት አያውቅም።

እሑድ ሌሎቹ ሲሽቀዳደሙ እኔ ቤት ተቀምጬ አለቀስኩ። እሱ ከሜዳው ስልክ ደወለልኝ፤ ውድድሩ እስኪያልቅ ሁለታችንም አልዘጋነውም።

አዲሱ ስፖንጅ በሁለተኛው ሳምንት ደረሰ። ስፖንጁ ትልቅ፣ የታንኩ አፍ ጠባብ ነው፤ አንዱ ከላይ እየጨመቀ ሌላው ከውስጥ ካልሳበ አይገባም። አባቴ ወገቤን አመመኝ አለ። ወገቡን አሞት አያውቅም።

«ያ ልጅ ይምጣና ያግዝሽ» አለኝ።

መጣ። እሱ ሲጨምቅ እኔ ስስብ፣ ታንኩ ውስጥ እጁ እጄን አገኘው። ሁለታችንም አልተንቀሳቀስንም።

«የመጀመሪያው ቀን» አልኩት ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ቆሻሻውን ብቻ ነው ያየኸው?»

«ቆሻሻውንስ ወዲያው አየሁት» አለ። «ከዚያ በኋላ የቆየሁት ለጣቶችሽ ነው።»

አባቴ ክዳኑን ይዞ አጠገባችን ቆሟል። የስፖንጁ ዕድሜ እንዲታወቅ የዕለቱን ቀን ክዳኑ ላይ ጽፎበታል።

«ከእንግዲህ በዓመት አንድ ጊዜ እየመጣህ ከፍተህ ታየዋለህ» አለው።

«አይሆንም።»

አባቴ ቀና አለ።

«በዓመት አንድ ጊዜ አይበቃኝም፣ ጋሼ።»

አባቴ እሱን አየ፣ እኔን አየ፣ ከታንኩ ያልወጡትን እጆቻችንን አየ። ከዚያ ክዳኑን መሬት ላይ አስቀመጠና ለሦስት ሰው ሻይ ሊያፈላ ገባ።