መርዶ ያልሰማው ሰሌዳ

ሰሌዳው ከመቃጠሉ በፊት በጨረቃ ደቡብ ጫፍ ያለው ጣቢያ ሦስት ሰዎች፣ ሦስት የሞቁ አልጋዎችና ለሃያ ቀን የሚበቃ አየር ነበረው። አየሩን የሚያከፋፍለው ማሽን፣ ጠባቂው፣ የሚያስበው በአራት የትውስታ ሰሌዳዎች ነው፤ መዳፍ የሚያህሉ፣ ኃይል ቢቋረጥም የያዙትን የማይረሱ። አራቱም የአንድ ፋብሪካ ሥራ፣ ፍጥነታቸውም እኩል ነበር።

አንዱ ሲቃጠል ጠባቂው ዝም አለ። የእርዳታ መርከብ የምትደርሰው ከአሥራ አራት ቀን በኋላ ነው። የማሽን ባለሙያዋ ትርሲት መለዋወጫ ስላልነበራት ከሸለቆው ማዶ ካለው ጣቢያ ማሽን አንድ አሮጌ ሰሌዳ ነቅላ አመጣች። እዚያ ከሁለት ዓመት በፊት አምስት ሰዎች አየር አጥሯቸው ሞተዋል።

«ፈጣንና ዘገምተኛ በሬ ልትጠምጂ ነው?» አላት ቆፋሪው ጉደታ።

«በዘገምተኛው ልክ ያርሳሉ። ከመቆም ይሻላል።»

የጣቢያው አለቃ ጋሽ ደምሰው ሰሌዳውን ተቀበሏት። ከመሰካቱ በፊት አምስቱ የሞቱባትን የመጨረሻዋን ሰዓት ትውስታ ከላዩ አጠፉ።

«ለደከመ መንገደኛ መርዶ አይነገርም» አሉ።

ትርሲት ልትቃወም አስባ ተወችው። ከአምስቱ አንዷ፣ የሻረግ፣ የእሳቸው ታናሽ እህት ነበረች።

ጠባቂው ተነሣ። ሦስቱ ሰሌዳዎች በአሮጌው ፍጥነት ዝግ ብለው መሥራት ጀመሩ፤ የጠባቂውም ድምፅ እየተጎተተ ይወጣ ነበር። በሦስተኛው ቀን ትርሲት ማንም በማይተኛባቸው ክፍሎች ስታልፍ እጇን በአንዱ አልጋ ላይ አሳረፈች። ይሞቃል፤ ገና ሰው የተነሣበት ይመስላል። ቀጣዩም ይሞቃል። አምስት አልጋዎች ቆጠረች።

ወደ መለኪያው ሮጠች። ጠባቂው አየሩን ለስምንት ሰው እያከፋፈለ፣ ያልተተነፈሰውን አርጅቷል ብሎ ወደ ውጭ ይጥላል። ቁጥሩን ወደ ሦስት መለሰችው። ዞር ከማለቷ ስምንት ሆነ። ሒሳቡን ሠራች፦ የቀረው አየር ለሦስት ሰው አሥራ ሁለት ቀን፣ ለስምንት አራት ቀን ተኩል። መርከቧ ገና አሥራ አንድ ቀን ይቀራታል።

«ስምንት የሆንነው መቼ ነው?» ብላ ጠየቀችው።

«የሻረግና ጓደኞቿ… ለቁፋሮ ወጥተዋል» አለ ጠባቂው። «ሲመለሱ… እንዳይበርዳቸው።»

ከአለቃው ጋር ተከትሏት የመጣው ጉደታ አማተበ። «ንቀይውና ይገላግለን!»

«ትውስታው ከሌሎቹ ጋር እንደ ጨውና ውሃ ተቀላቅሏል። እሱን ማጥፋት ሁሉንም ማጥፋት ነው።» ወደ አለቃዋ ዞረች። «ጋሼ፣ ያልተነገረው ይነገረው።»

ጋሽ ደምሰው በማሽኑ ፊት ቆሙ። «ተካልኝ ሞቷል» አሉ። ብዙ ቆይቶ ቁጥሩ ሰባት ሆነ። «ሐሊማ ሞታለች። ኦጅሉ። መብራህቱ።» በየስሙ ጠባቂው ይዘገያል፤ ከዚያ አንድ ይቀንሳል። አራት ላይ ደረሰ።

አለቃው ከማሽኑ ፊት ዞር ሊሉ ሲሉ ትርሲት ያዘቻቸው።

«ጋሼ፣ አንድ ይቀራል።»

«ዐውቃለሁ።» ወደ ማሽኑ ተመለሱ። «የሻረግ…»

«አቤት… መጣች?» አለ ጠባቂው።

ያኔ ትርሲት አንድ ነገር ታሰባት። የእህታቸው ሞት ለእሳቸው የደረሰው በስክሪን ላይ በሁለት መስመር ጽሑፍ ነበር፤ ብቻቸውን ተረኛ ሳሉ። አንብበው ሥራቸውን ቀጠሉ። ማንም አጠገባቸው አልተቀመጠም፣ ማንም አላለቀሰላቸውም። እሷም ጉደታም ያን ቀን እንዳልሰሙ ሆነው አልፈዋቸዋል።

ጉደታን በዓይኗ ጠራችው። ሁለቱ ሽማግሌውን ግራና ቀኝ ይዘው አስቀመጧቸው። ትርሲት ፊቷን ከማሽኑ መለሰች፤ የምትናገረው ለእሳቸው ነበር።

«ጋሽ ደምሰው፣ እግዜር ያጽናዎት። እህትዎ የሻረግ አርፋለች።»

መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ ሽማግሌው «እህቴን!» ብለው ደረታቸውን መቱ፤ ጉደታም አብሯቸው አነባ። ለቅሶው መሃል ቁጥሩ ሦስት ሲሆን ያየው አልነበረም።

መርከቧ በቀኗ ስትደርስ በጋኑ ውስጥ ለሦስት ሰው የሃያ ሁለት ሰዓት አየር ቀርቶ ነበር።