ሳልደውል የደወልኩት ስልክ

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ፣ እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ የማምን ሰው አይደለሁም። ልጅ ሆኜ ጋኔን ከወንዝ ወጣ ሲባል «ማን ቆሞ አየው?» እያልኩ ሰው ሳናድድ ነው ያደግሁት፣ የተማርኩት ግብርና ነው፣ ሥራዬም መንዝ ውስጥ፣ ከሞላሌ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት ደጋ ቀበሌ የልማት ሠራተኛነት ነው። ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ ከማስተምረው ሌላ፣ ክረምት ሲገባ በስልኬ የሚላክልኝን የአየር ጠባይ ማስጠንቀቂያ ለገበሬው ማድረስ አለብኝ፣ በረዶ ሊጥል ነው፣ ነፋስ አለ፣ መብረቅ አለ፣ ወንዝ ይሞላል እያልኩ። ሲያወሩት ቀላል ይመስላል፣ እስቲ መጥታችሁ ሞክሩት።

መልእክቱ አንዳንዴ የሚደርሰኝ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ከወጣ በኋላ ነው። በጊዜ ደርሶኝ ስደውል ደግሞ ሰው ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ ስልኩን አጥፍቷል። ቤት ለቤት ስሄድ «ዝናቡን የሚያዘው እግዜር ነው፣ አንቺን መቼ አማከረሽ?» እባላለሁ። እርግጥ እኔም ጥፋት አለብኝ፣ አምና በረዶ ይጥላል ብዬ ሰውን ሁሉ ገበያ አስቀርቼ፣ በጉን ሁለት ቀን ሙሉ ጉሮኖ አስውዬ፣ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ ቀረች፣ በረዶው ከገደሉ ማዶ ሌላ ቀበሌ ላይ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ወይንሸት የሚለኝ የለም፣ ስሜ «ደመና ጠሪዋ» ሆኗል።

ነገሩ የሆነው ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ሐሙስ ቀን ነው። አያ ሽፈራው የሚባሉ ገበሬ የእናታቸውን ተዝካር ደግሰው፣ ከቤታቸው በላይ ካሉት ትልልቅ ባሕር ዛፎች ሥር ዳስ ጥለው፣ ስልሳ የሚሆን ሰው ጠርተዋል። በዋዜማው ሄድኩና «አያ ሽፈራው፣ እባክዎ ዳሱን ከዛፉ ሥር ያንሡት» አልኳቸው፣ «ነፋስ ቢነሣ ዛፍ ይወድቃል፣ መብረቅም ዛፍ ይወዳል። ከታች ያለው ትምህርት ቤት ተዘግቶ ባዶውን ነው፣ ግድግዳው ድንጋይ ነው፣ ሰውን እዚያ ቢያበሉስ?»

«ልጄ» አሉኝ፣ «እናቴ በሕይወቷ ትምህርት ቤት ገብታ አታውቅም። ዛሬ ሞታ አላስገባትም።»

ተሰናብቻቸው ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

በማግሥቱ ሰባት ሰዓት ላይ መልእክት ገባልኝ፣ ከሰዓት በኋላ በረዶ የቀላቀለ ከባድ ዝናብ፣ ኃይለኛ ነፋስና መብረቅ ይጠበቃል ይላል። ለአያ ሽፈራው ደወልኩ፣ መስመር የለም። ድጋሚ ልሞክር ስል ስልኬ እጄ ላይ ጠፋ፣ ለካ ማታ መብራት ስላልነበረ ቻርጅ ሳላደርገው ነው ያደርኩት። አያችሁልኝ አይደል፣ ቀን ከሌት «ተዘጋጁ፣ ተዘጋጁ» እያልኩ ሰው የማሰለች ሴትዮ። በራሴ ተናድጄ፣ የዝናብ ልብሴን ደርቤ፣ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ በእግሬ ጀመርኩት።

ግማሽ መንገድ ሳልደርስ ጉሙ መጣና እግሬን እንኳ ማየት አቃተኝ፣ ከዚያ ነፋሱ፣ ከዚያ በረዶው። ባቄላ የሚያክል በረዶ ጭንቅላቴን ሲቀጠቅጠኝ ዝቅ ያለ ቦታ ፈልጌ ከአንዲት ቋጥኝ ጥግ ኩርምት ብዬ ተቀመጥኩ። ዳሱን እያሰብኩ፣ ዛፎቹን እያሰብኩ፣ እመኑኝ ከፍርሃቴ ይልቅ ንዴቴ ይበልጥ ነበር፣ በቃ ዘገየሁ፣ ዘንድሮ ደግሞ ትክክል ሆኜ ሰው ሊያልቅብኝ ነው አልኩ።

ያን ጊዜ ነው ድምፁን የሰማሁት። ሰው ጋ ስትደውሉ፣ ማዶ ያለው እስኪያነሣው ድረስ ጆሯችሁ ላይ የሚሰማው ያ ረጅም ድምፅ አለ አይደል? እሱ። ጆሮዬ ላይ አይደለም፣ ከቋጥኙ ጀርባ፣ ከጉሙ ውስጥ ነው። ይጠራል፣ ይጠራል፣ ቀጭ ብሎ ይዘጋል። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ይጠራል። ስልኬን ከኪሴ አወጣሁት፣ ጥቁር ነው፣ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል፣ ቁልፉን ብጫነው ብጫነው አይበራም።

ከዚያ የሴት ንግግር ተሰማኝ። ቃሉ አይለይም፣ ግን አንድን ነገር ደጋግሞ መናገር ያንገሸገሸው ሰው አነጋገር ነው፣ በየመካከሉም ታስላለች። አንዷ መንገደኛ እንደኔ ተጠልላ ይሆናል ብዬ «ማነሽ?» አልኩ። ንግግሩ ቆመ። ተነሥቼ ቋጥኙን ዞርኩት፣ ማንም የለም፣ መሬቱ ላይ በረዶው ነጭ ሆኖ ተነጥፏል፣ አንድ ኮቴ እንኳ አልረገጠውም። ተመልሼ ስቀመጥ ንግግሩ ቀጠለ። ሳሉ መጣብኝና እኔም ሳልኩ፣ እንግዲህ እንደፈለጋችሁ ውሰዱት፣ የኔ ሳልና የሷ ሳል አንድ ነበር።

ዝናቡ ጋብ ሲልልኝ እየወደቅሁ እየተነሣሁ ሮጥኩ። ደርሼ ቀና ስል ትልቁ ባሕር ዛፍ ዳሱን ለሁለት ከፍሎ ተጋድሟል፣ ጋን ተሰባብሯል፣ ሸራው ጭቃ ውስጥ ተጨማልቋል። በእጄም በእግሬም እየሄድኩ ሸራውን ገለጥኩት፣ ከሥሩ ሰው የለም። በሌላው በኩል ገለጥኩት፣ የለም። ቀና ስል ከትምህርት ቤቱ መስኮት የሰው ጫጫታ ይሰማል።

ስልሳውም ሰው እዚያ ነበር፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ይበላል። የአያ ሽፈራው ባለቤት እትዬ በለጡ ገና ሲያዩኝ ተቆጡ። «ሰው ሰባት ጊዜ ይደውላል? ካህናቱን ፍትሐት አላስጨርስ አልሽ እኮ። ዝም እንድትይልን ብለን ነው ድስቱን ተሸክመን የወረድነው።»

«እኔ አልደወልኩም፣ ስልኬ ጠፍቷል» ብል ማን ሊሰማኝ። አያ ሽፈራው ስልካቸውን አውጥተው አሳዩኝ፣ የተቀበሉት ጥሪ ዝርዝር ላይ «ወይንሸት ደመና» የሚል ሰባት ጊዜ ተደርድሯል፣ ሁሉም በስምንትና በዘጠኝ ሰዓት መካከል፣ እኔ ከቋጥኙ ሥር በነበርኩበት ሰዓት።

ሰው ሁሉ ወደ ምግቡ ሲመለስ አያ ሽፈራው ወደ ጥግ ወሰዱኝ።

«ከማን ጋር ነበርሽ?» አሉኝ።

«ብቻዬን።»

«አይደለም። ሰውየው ቀድሞ ይናገራል፣ አንቺ ትደግሚያለሽ። 'ከዛፉ ሥር ተነሡ' ይላል፣ አንቺም ትያለሽ። 'በጉን ከሸለቆው አውጡ' ይላል፣ አንቺም ትያለሽ። ስድስት ጊዜ ዘጋሁብሽ። በሰባተኛው አንቺ ስታስይ እሱ ጠበቀና በስሜ ጠራኝ።»

«ማን ነው? ድምፁን ያውቁታል?»

ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ። «አውቀው ይመስለኛል» አሉ። እስከ ዛሬ ከዚህ በላይ አልነገሩኝም፣ ስንት ጊዜ ለምኛቸዋለሁ፣ በጠየቅሁ ቁጥር ስለ ገብሳቸው ያወሩልኛል።

ስልኬን በማግሥቱ ቻርጅ አድርጌ አየሁት፣ ያች ያልተሳካችው አንድ ሙከራ ብቻ ናት ያለችው። የሥራ ባልደረባዬ «ጥሪው ዘግይቶ ገብቶ ነው፣ ኔትወርክ እንዲህ ያደርጋል» አለኝ፣ እሺ ጥሪው ይዘግይ፣ ያልተናገርኩት ንግግር ከየት ዘገየ? ደግሞም የዚያን ቀን ከሰዓት መስመሩ ለወረዳው ሁሉ ተቋርጦ እንደነበር የነገረኝ ራሱ ነው። ቄሱ መልአክ ነው አሉ። መልአክ ከሆነ ለምን ለአያ ሽፈራው በቀጥታ አይደውልም፣ እኔን ምን አገባኝ?

አሁን ሰው ሁሉ ይሰማኛል፣ ማስጠንቀቂያ ስናገር ወዲያው በግ ይሰበሰባል፣ ቦይ ይቀደዳል፣ ልጅ ከወንዝ ይጠራል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ግን በእኔ አይደለም የሚያምኑት፣ ስናገር ዓይናቸው ከትከሻዬ ኋላ ነው።

በቀደም ዕለት ከምሳ በኋላ የወንዝ ሙላት ማስጠንቀቂያ ደረሰኝና ቤቴ ቁጭ ብዬ ለእትዬ በለጡ ደወልኩ። ብቻዬን ነኝ፣ በሩን ከውስጥ ቀርቅሬዋለሁ። አነሡት፣ እኔም ሰላምታ ልሰጥ አፌን ከፈትኩ።

«ሰማሁት፣ ሰማሁት» አሉኝ፣ «ደግሞ አንቺ አትድገሚው።»