አጥንት የማያስቀር አፈር

ባንቻየሁ ከወሎ ተነስታ ካፋ ጫካ ድረስ የመጣችው የወንድሟን አፅም ልትወስድ ነበር። ጭኗ ላይ አድርጋ የያዘችውን ጠባብ የዋንዛ ሳጥን መንገዱን ሙሉ ለማንም አላስነካችም። የአውቶቡሱ ረዳት ጣሪያ ላይ ልጫነው ቢላት «ወንድሜ ጣሪያ ላይ አይጫንም» ብላ አፈጠጠችበት፤ ሳጥኑ ገና ባዶ መሆኑን አላወቀምና ይቅርታ ጠይቋት አለፈ።

ወንድሟ ሸጋው በሰፈራው ጊዜ ወደዚህ አገር መጥቶ፣ ወይኒቱ የምትባል የአገሬውን ሴት አግብቶ፣ ቡና ሲተክል ኖሮ ነበር የሞተው። ሐምሌ ላይ ሞቶ መርዶው ወሎ የደረሰው መስቀል ካለፈ በኋላ ነው። የተቀበረውም በቤተ ክርስቲያን ሳይሆን ከቤቱ በላይ ባለው ጠጠራማ ጋራ ላይ፣ ጫካ ውስጥ ነው ተባለ። ባንቻየሁ ያን ቀን አላለቀሰችም። ጉሮሮዋ ላይ አንድ ነገር ተሰነቀረ፤ እንባ ሳይሆን ቁጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት እህል ስትውጥም ጸሎት ስታደርስም እዚያው እንደተሰነቀረ ኖረ።

ወይኒቱ ደጃፍ ላይ ውሃና ሳፋ ይዛ ጠበቀቻት።

«እግርዎን ልጠብዎት፣ እትዬ። መንገዱ አድክሞዎታል።»

«ውሃሽን አልፈልግም። ወንድሜን እንደ ውሻ የጣልሽበትን ቦታ አሳዪኝ።»

ወይኒቱ ሳፋውን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች። «ወንዙ ሞልቶ ነበር» አለች። «ቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ ማዶ ነው።»

«ወንዝ ይጎድላል።»

«ይጎድላል። ግን እሱን ከነበረበት ማንሳት አልቻልንም።»

ባንቻየሁ ይህን የሰማችው እንደ ሰበብ ነው። የቀረበላትን ሳትቀምስ ሳጥኑን ራስጌዋ አድርጋ ተኛች፤ ጎህ ሲቀድ ደግሞ ከሁሉም ቀድማ ደጅ ቆማ ተገኘች።

ወደ ጋራው የመሯት አቶ ወዳጆ የሚባሉ ሽማግሌ ጎረቤትና አማቻቸው ናቸው፤ ዶማና አካፋ ይዘዋል። መንገዱ ሽቅብ ነው። እግር በረገጠ ቁጥር ጠጠሩ ከቅጠሉ ሥር እየተንሸራተተ ይንኳኳል፤ ወደ ላይ በወጡ መጠን የወፉ ድምፅ እየሳሳ፣ እየራቀ ሄዶ፣ ጫፉ ላይ ሲደርሱ ከራሳቸው ትንፋሽና ከጠጠሩ መንኳኳት በቀር ምንም የሚሰማ አልነበረም። እዚህም እዚያም ነፋስ የጣላቸው ግዙፍ ዛፎች ተጋድመዋል፤ የተነቀለው ሥራቸው እንደ ሰፌድ ወደ ጎን ብቻ የተዘረጋ ነው፤ ወደ ታች የወረደ አንድም ሥር የለም። ጭጋጉ ውስጥ ተረስቶ የከረመ ሊጥ የሚመስል ሽታ ነበር፤ ይኮመጥጣል፣ አፍንጫ ውስጥ ገብቶም አይወጣም።

አቶ ወዳጆ ድንጋይ የተከመረበት ቦታ ሲደርሱ ቆሙ። «እህቴ፣ የግብርና ሰው መጥቶ ይህን አፈር አይቶታል። አሲዳማ ነው አለን። ላዩ ጠጠር ነው፤ ጠጠሩን ካለፉት ግን ጥልቀቱ ማለቂያ የለውም። አጥንት የሚያስቀር አፈር አይደለም። ባይነካ ይሻላል።»

«እርስዎ ይቆፍሩ እንጂ አይስበኩኝ።»

ሽማግሌው አማቻቸውን አዩት። አማችየው ዶማውን አነሳ።

እስከ ጉልበት ድረስ ሥራው ጩኸት ብቻ ነበር። ዶማው ከጠጠር ጋር ሲጋጭ ጫካው ሁሉ ያስተጋባል፤ ባንቻየሁም በየምቱ ልቧ ትንሽ የሚቀልላት መሰላት። ከዚያ ድንገት ድምፁ ጠፋ። ዶማው ይወርዳል፣ ይገባል፣ ይወጣል፤ ነገር ግን አፈሩ የምቱን ድምፅ እንደ ውሃ ውጦ ያስቀረዋል። ቀይ፣ እርጥብ፣ ለስላሳ አፈር ነው። ትል የለበትም፣ ጉንዳን የለበትም፣ የሥር ጭራ እንኳ አይታይበትም። ሕይወት ያለው ነገር ከጠጠሩ በታች ላለመውረድ የተማማለ ይመስላል። የሬሳ ሳጥን ወይም ከፈን ቢገኝ እያለች አፈሩን በእጇ ስትፈትሽ ጣቶቿን ያቃጥላት ጀመር።

ጉድጓዱ እስከ ወገብ ሲደርስ አቶ ወዳጆ «ቁም» አሉ። ወርደው ተንበረከኩና ወለሉን በመዳፋቸው ጠረጉት። ቀዩ አፈር ላይ ጥቁር ጥላ የመሰለ ነገር ነበር። በጎኑ የተኛ ሰው ቅርጽ ነው፤ ራሱ፣ ትከሻው፣ የታጠፉ ጉልበቶቹ ሁሉ ይለያሉ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ሸጋው ነው» አሉ አቶ ወዳጆ። «ይህ አፈር ከሰው የሚያስቀረው ይህንን ነው።»

«ጥቁር ጭቃ ነው ይህ። ወንድሜ አጥንት ነበረው፤ አጥንቱን የት አደረጋችሁት?»

አቶ ወዳጆ ወለሉን እንደገና በመዳፋቸው ጠረጉት። ይህ እንደ ንቀት ሆኖ ታያትና ሳጥኑን ወደ ጉድጓዱ ገፋችው። «እንግዲያው ጭቃውን ቁረጡልኝ። ጭቃውም ቢሆን ከእናቱ ጎን ይተኛል።»

አማችየው የጥቁሩን ራስ በአካፋ ቆርጦ አነሳው። ሳጥኑ ውስጥ ሲያኖረው አፈሩ ቀይ ነበር። ጥቁረቱ የለም። ባንቻየሁ የአፈሩን ጓል ሰብራ፣ ፈርክሳ፣ በጣቶቿ አሽታ አየችው፤ እንደሌላው ሁሉ ቀይ አፈር ነው። ወደ ወለሉ ስትመለከት ግን ጥቁሩ ራስ በቦታው አለ፤ አንድ አካፋ ያህል ወደ ታች ወርዷል እንጂ አልጎደለም። እንደገና ቆረጡ። እንደገና ወረደ። በሦስተኛው ላይ የታጠፉት ጉልበቶች ተዘርግተው ታዩ።

አማችየው አካፋውን ጥሎ ወጣ፤ ቅጠል ቀጥፎ እጁን ይጠርግ ጀመር።

ይህኔ ወይኒቱ ምሳ ይዛ ደረሰች። ጉድጓዱን አየችና ምሳውን እንደያዘች ቆመች። «እትዬ፣ ይብቃ። ይውጡ።»

«የት እንዳደረግሽው ሳትነግሪኝ አልወጣም።»

«እዚያው ነው ያለው። መቃብሩን እኛ አልቆፈርንለትም፤ ጉድጓዱን የቆፈረው ራሱ ነው፤ እኛ መለስነው እንጂ።» ወይኒቱ ድምፅዋን እንደምንም አረጋጋች። «እዚህ ላይ የተከለው ቡና ሁሉ ደረቀበት። ፍግ አለበሰው፣ ኖራ ነሰነሰበት፤ አፈሩ በላው። ተናደደ። ሥሩ የማይወርደው ምን አግኝቶት ነው፣ ከታች ያለውን አያለሁ ብሎ መቆፈር ጀመረ። ጧት ይወጣል፣ ሲመሽ ይመለሳል፤ እህል አይልም፣ ልጆቹን አያይም። ተው ስለው ልክ እንደ እርስዎ ነበር የሚያየኝ። አንድ ቀን ሳይመለስ ቀረ። ስንመጣ እንደሚያዩት ሆኖ አገኘነው።»

ባንቻየሁ ከዚህ ሁሉ የሰማችው አንድ ነገር ብቻ ነው። መቃብር እንኳ አልቆፈሩለትም። ቁጣዋ ከጉሮሮዋ ተነቅሎ እጇ ላይ ወረደ። አካፋውን አንስታ ወደ ጉድጓዱ ገባች፤ አቶ ወዳጆን ገፍታ አስወጣቻቸው፤ ወይኒቱ ጎንበስ ብላ ክንዷን ልትይዛት ብትሞክር በአካፋው እጀታ የእጅ አንጓዋ ላይ መታቻት። አጥንት ሲቀጭ ሁሉም ሰሙት።

ወይኒቱ እጇን በነጠላዋ አቅፋ «መሰላል አምጡ» አለች ለአቶ ወዳጆ። «ሰውም ጨምሩ። በግድም ቢሆን እናውጣት።» ሁሉም ቁልቁል ሲወርዱ ጠጠሩ ከእግራቸው ሥር ሲንኳኳ ለጊዜው ተሰማ፤ ከዚያ ጠፋ።

ባንቻየሁ ብቻዋን ቆፈረች። አንድ አካፋ አፈር ወደ ላይ በወረወረች ቁጥር ጥቁሩ ሰው አንድ አካፋ ይወርዳል። ከጎኑ ወደ ጀርባው ዞረ፣ ከጀርባው ወደ ሆዱ፤ ፊቱን ወደ መሬት ደፍቶ፣ ከእሷ እንደሚሸሽ ሁሉ እጆቹን ወደ ፊት ዘረጋ። «የት ትሄዳለህ» ትለው ነበር ጥርሷን ነክሳ። «እናትህ ስትጠራህ አልመጣህ። ሞታ አልቀበርሃት። አሁንም ከእኔ ትሸሻለህ?» የጉድጓዱ ግድግዳ ከራሷ በላይ ከፍ አለ፤ ሰማዩ ጠቦ እንደ ጉርድ ጨርቅ ሆነ፤ ብርሃኑ ከላይ እየወረደ ግማሽ መንገድ ላይ በቀዩ አፈር ተጠጥቶ ይቀራል። የእጇ ማቃጠል መጀመሪያ ወደ ክርኗ ወጣ፤ በኋላ ግን ተወት አደረጋትና ቅዝቃዜ ተተካ፤ ደስ የሚል፣ ጥላ ሥር እንደ መቀመጥ ያለ ቅዝቃዜ። እጆቿ እስከ ክርናቸው ጠቁረዋል። ቀሚሷ ላይ ብታሻቸው አልለቀቀም። ያ የኮመጠጠ ሽታም ጠፍቷል፤ ወይም ከእንግዲህ አትለየውም። አካፋው ሲገባም ሲወጣም ድምፅ የለውም፤ ብታስል ሳሏም ድምፅ አልነበረውም።

አንድ ጊዜ አካፋዋን ስታነሳ ጥቁሩ ሰው አልወረደም።

በጀርባው ተንጋልሎ ነበር። አንድ እጁ ደረቱ ላይ፣ ሌላው ወደ ጎን ተዘርግቷል፤ ጎኑ ላይ ሰው የሚያህል ቦታ ለቋል። ባንቻየሁ ልትሰድበው አፏን ከፈተች። ስድቡ አልመጣም። ይህን ሁሉ ዓመት ያኖራትን፣ በአውቶቡስ ያሳፈራትን፣ አካፋ ያስነሳትን ያን ቁጣ በውስጧ ፈለገችው፤ ጉሮሮዋ ባዶ ነው፣ ደረቷም ባዶ ነው። የፈራችው ያኔ ነው። መውጣት አለብኝ ብላ ግድግዳውን ቧጠጠች፤ አፈሩ በእጇ ሥር እንደ ቅቤ እየለሰለሰ ወረደ። ትንሽ ልረፍ፣ መሰላሉ እስኪመጣ ብላ በክፍቱ ቦታ ላይ ጀርባዋን አሳረፈች። አፈሩ ምንም አልቆረቆራትም።

ፀሐይ ገና ከዛፎቹ በላይ ሳለች ከላይ ጠጠር ተንኳኳ። የሰው ድምፅ መጣ። በጉድጓዱ አፍ ዙሪያ ራሶች ብቅ አሉ፤ አቶ ወዳጆ፣ አማቻቸው፣ የማታውቃቸው ወንዶች፣ እጇን በጨርቅ ያሰረች ወይኒቱ። የመሰላሉ ጫፍም ይታያል።

«እዚህ ነኝ» አለች ባንቻየሁ። «አውርዱልኝ። ይበቃኛል፣ እወጣለሁ።»

መሰላሉን ማንም አላወረደውም። አቶ ወዳጆ ኮፍያቸውን አውልቀው አንገታቸውን ደፉ። የወይኒቱ ዓይን ጥግ ላይ የወደቀውን አካፋ አየ፣ ባዶውን ሳጥን አየ፣ ከዚያ ባንቻየሁ ፊት ላይ ደረሰና ሳይቆም አልፎ እስከ እግሯ ወረደ።

«ሁለት ሆነዋል» አለች ወይኒቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «ሳይመሽ አፈሩን መልሱላቸው።»