ሽታው የጠፋ ጊዜ

ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ ብዙ የሠራ ሰው ሽታው አይሰማውም ይባላል፤ አስካለን ግን በየቀኑ ይሰማት ነበር። ጠዋት በሩን ስታልፍ የኖራው፣ የእርጥብ ፀጉሩና እንደ ገማ እንቁላል ያለው ጠረን ይቀበላታል፤ ዝንቡ ፊቷ ላይ ይሰፍራል፤ ከቆዳው ተፍቆ የተከመረው ስብ ላይ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ቆመው ያዩዋታል። የማጠቢያው ክፍል ኃላፊ ናትና መጀመሪያ ሠራተኞቿን ቀጥሎ በርሜሎቹን ታያለች።

የዚያን ዕለት ረፋድ ላይ ጋሽ ወርዶፋ በጋሪ የሚገፉት የአሲድ ጀሪካን ወድቆ ተሰነጠቀ። አሲዱ እንደማይቸኩል ሰው ቀስ እያለ ወለሉን አቋርጦ የኖራው ውሃ ወደሚወርድበት ቦይ ገባ፤ ቦዩም ውስጥ ለውስጥ መፍላት ጀመረ። ሽታው ጉሮሮ እስኪዘጋ ድረስ በረታ። ከዚያ ድንገት ጠፋ።

«ተመስገን፣ ለቀቀን!» አለች ቆዳ ገልባጯ ሙና መጥረጊያ እያነሳች። «በቃ ልጥረገው።»

«ጣዪው! ውጡ፣ ሁላችሁም!» ብላ ጮኸች አስካለ።

ስልጠናው ላይ የሰማችው ትዝ ብሏታል። አሲድና የኖራው ውሃ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ቀድሞ የሚገድለው አፍንጫን ነው፤ ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ሄደ ማለት አይደለም። ከአየር ስለሚከብድ እንደ ውሃ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሽሹ የተባሉት ወደ ዳገት ነው።

«ቆዳውስ? ይበላሻል እኮ» አሉ ጋሽ ወርዶፋ።

«ይበላሽ! ጋሼ፣ በሞቴ ይውጡ!»

እየገፋች አስወጣቻቸው፤ እሷ የመጨረሻዋ ነበረች። የሠራተኞቹ እግር ግን የለመደውን ሄደ፤ ቦዩን ተከትሎ ቁልቁል፣ ምሳ ወደሚበሉበት፣ ወንዙ ዳር ወዳለው የሾላ ጥላ። እሷም በጥድፊያ ዳገቱን ረስታ ተከተለቻቸው። ሁሉንም አየች፤ የጎደለ የለም። እፎይ ብላ ተቀመጠች።

ጥላው ሥር ጸጥታ ነበር። ጋሽ ወርዶፋ ግንዱን ተደግፈው አሸለቡ። የአስካለ ከንፈር ደንዝዞ የሌላ ሰው ከንፈር መሰላት። እንደ ልማዷ ከፊቷ ዝንብ ልታባርር እጇን አንስታ መለሰችው፤ የሚባረር ዝንብ የለም። የስቡ ክምር ላይም ወፍ የለም። አንዱ አባ ኮዳ ውሃው ዳር ክንፉን ዘርግቶ ተጋድሟል፤ አባ ኮዳ ተጋድሞ አይታ አታውቅም።

«አቅለሸለሸኝ» አለችና ሙና ከመቀነቷ ሎሚ አውጥታ ነከሰች፣ አሸተተችውም። ቀስ ብላ ሳቀች። «ገበያ ላይ ሸወዱኝ! ጎማ ነው የሸጡልኝ። እስቲ እይው፣ እትዬ።»

አስካለ ተቀብላ ጥፍሯን ልጣጩ ውስጥ ቀበረች። ጭማቂው እስከ ክንዷ ወረደ። አፍንጫዋ ላይ ተጭና በኃይል ሳበች፤ ምንም። ደግማ ሳበች፤ ምንም።

«እህ? ይሸታል?» አለች ሙና ዓይኗን ሳትገልጥ።

አስካለ «ተነሱ» ልትል አፏን ከፈተች፤ ዳገቱ ግን በጣም ሩቅ፣ ጥላውም በጣም ቀዝቃዛ ሆነባትና «ይሸታል» ብላ ከጋሽ ወርዶፋ ጎን ግንዱን ተደገፈች።