አራተኛው መዳፍ

ሊቀመንበር ሞቱማን ከጉድጓዱ ጎትተው ሲያወጡት አፉ ውስጥ ገብስ ነበር። ሰውየው በሕይወቱ ሳለ ከገበሬ እህል ላይ አፉን አንስቶ አያውቅም፤ ሲሞትም ይህንኑ ጎርሶ ሞተ። የቱሉ ጎራ ሰው ዙሪያውን ቆሞ ያያል። አንገቱን የሚነቀንቅ አለ፣ ምራቁን የሚተፋ አለ፤ የሚያለቅስ ግን፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ አንድም የለም።

ወሩ ሰኔ ነው፣ ዘመኑ 1981። ከአምቦ በላይ ባለው በዚያ ደጋ ገብስ የሚዘራበት ሰሞን ነበር፤ ጎተራው ግን በየቤቱ ተጠርጓል። መኸሩ እንደ ገባ ኮታ ተብሎ ተወስዷል። የጎደለበት ገበሬ በሬውን ሸጦ፣ ከገበያ በውድ ገዝቶ፣ ለመንግሥት በርካሽ አስረክቧል። ይህን ሁሉ በትሩን እየወዘወዘ ያስፈጸመው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሞቱማ ነው። ስለዚህ «ጠላት ነበረው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ጊዜ ማባከን ነው።

መቶ አለቃ ወሰንየለሽም አልጠየቀችም። ከአምቦ የመጣች የፖሊስ መርማሪ ናት፤ የአዲስ ዓለም ልጅ፣ አጭር፣ ንግግሯ ቁጥብ። ከጎኗ የአውራጃው ካድሬ ሰዓቱን እያየ ይቁነጠነጣል።

«ምን ያስመረምራል? ገዳዩ ታስሯል» አላት፣ ከጉድጓዱ አጠገብ ጽድ ዛፍ ሥር ክንዶቹ የፊጥኝ ወደታሰሩት ገበሬ እያመለከተ። «ጉደታ ይባላል። እህል ሊደብቅ ጉድጓዱን የቆፈረው እሱ ነው። ጠዋት አንድ ታጣቂያችን ሬሳውን ሊያወጣ ሲወርድ ‹አትግባ፣ ትሞታለህ፣ መጀመሪያ ኩራዝ አውርድ!› ብሎ ጮኸ። እንዴት አወቀ? ሟቹ ታች ይዞት የተገኘው ባትሪም የማኅበሩ የጥበቃ ባትሪ ነው። በዚህ ሳምንት ተራው የማን መሰለሽ? የጉደታ!»

«እና ታጣቂውን ያዳነ ሰው አሰራችሁ?»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪና ይመጣል። እሱም ይሄዳል፣ እህሉም ይወረሳል።»

በዚያ መኪና ሄዶ ወደ ቱሉ ጎራ የተመለሰ ሰው የለም። የጉደታ የመጀመሪያ ልጅ ቀንዓ፣ ሃያ ዓመት የሞላው ትከሻ ሰፊ ጎረምሳ፣ ከአባቱ አጠገብ ቆሞ መሬት መሬቱን ያያል። ታናናሾቹ አራት ናቸው።

ወሰንየለሽ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተንበረከከች። አንገቱ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ ነው። መክደኛው ድንጋይ ወደ ጎን ተገፍቷል። ገመድ ከጽዱ ግንድ ላይ እንደ ታሰረ አለ። ሁለት አዲስ ጆንያዎች ተጣጥፈው ተቀምጠዋል፤ የማኅበሩ ማኅተም የለባቸውም። ቅርንጫፍ ላይ ፋኖስ ተሰቅሏል፤ ጋዙን ጨርሶ ብርጭቆው ጠቁሯል።

«ፋኖሱ የማን ነው?»

«የራሱ የሊቀመንበሩ ነው» አለ ካድሬው።

መሬት ላይ የደረቀ ጭቃ ስብርባሪ ተበትኗል። አንዱን አንስታ ብታገላብጠው የሰው ጣት ምልክት አየችበት። የጉደታን ክንዶች አስፈትታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ኦቦ ጉደታ፣ በዚህ አገር ሰው እህሉን በጎተራ ነው የሚያኖረው። ጉድጓዱን ከየት ተማሩት?»

«በሶማሌ ጦርነት ጊዜ ሚሊሻ ሆኜ ሐረርጌ ዘምቼ ነበር። እዚያ ሰው እህሉን መሬት ውስጥ ያኖራል።» ቀኝ እጁን አነሳ፤ ሌባ ጣቱ የለችም። «ይቺንም እዚያው ትቻት መጣሁ።»

«ውስጡ ያለው የማን የማን እህል ነው?»

«የአራት ቤት ነው። የኔ፣ የባለሱቁ የረዲ፣ የአዴ አየለች… የጸሐፊውም የይገዙ።»

«ጸሐፊው? የማኅበሩ ጸሐፊ?» ካድሬው ሊያብድ ደረሰ።

«አምና በጥር ሞላነው። ድንጋዩን ከድነን፣ ዙሪያውንም ላዩንም በጭቃና በእበት መረግነው። አንዳችን በስውር እንዳንከፍተው ከየቤቱ አንድ ሰው እርጥቡ ላይ መዳፉን አተመ። የሚከፈተው አራታችንም ቆመን፣ እያንዳንዱ የራሱን ሲሰብር ነው።»

«ጉድጓዱ ሰው እንደሚገድል ሌሎቹ ያውቃሉ?»

«ስንሞላው ነግሬያቸዋለሁ። ተዘግቶ የከረመ ጉድጓድ ሲከፈት ግማሽ ቀን መተንፈስ አለበት። ከዚያ ኩራዝ በገመድ ይወርዳል። ኩራዙ ከጠፋ ሰው አይገባም።»

«ባትሪውስ?»

«ትናንት መቃኑ ላይ ሰቅዬው ነበር። ወደ ማታ ስፈልገው የለም።»

«አምና ሞቱማ በሬዎን አሽጦብዎታል ይባላል።»

«አዎ… ጌዶ ገበያ ወስጄ… ለኮታው» አለ ጉደታ፤ ይህን ሲል ወደ ልጁ ሰረቅ አድርጎ አየ። ወሰንየለሽም አየችው።

ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ ጭቃ ስትገጣጥም ቆየች። ካድሬው «የሕፃን ጨዋታ!» እያለ ሲያጉረመርም ዞር ብላም አላየችው። ስትጨርስ ልብሷን አራግፋ ወደ ረዲ ሱቅ ወረደች። ጨው፣ ሳሙናና ላምባ የሚሸጥባት አንዲት ክፍል ናት።

«ትናንት ማታ የት ነበርክ?»

«እዚሁ፣ ወላሂ! ዘሀራን ጠይቂያት።»

«ሚስትህን?»

«እና ማታ ከማን ጋር ልገኝልሽ?»

ፈገግ አለች። «ሞቱማ ምን በድሎሃል?»

«ኬላ ላይ ስድስት ኩንታል ስንዴ አስወረሰኝ። በሳምንቱ ያንኑ ስንዴ ወንድሙ ጌዶ ላይ ሲሸጥ አገኘሁት። አንጀቴ እርር ብሎ ተመለስኩ።»

«ጌዶ ገበያ አይቀርብህማ። የጉደታ በሬ ሲሸጥ አየህ?»

ረዲ ሚዛኑን መወልወል ጀመረ። «ያ ቡሬ በሬ ጌዶ አልደረሰም። ያየሁት የሞቱማ ወንድም ማሳ ላይ ተጠምዶ ነው።»

«መቼ?»

«አምና ሚያዝያ፣ ልጆቹ ለውትድርና የተወሰዱ ሰሞን። በቃ መቶ አለቃ፣ ያየሁትን ነገርኩሽ፤ ያላየሁትን አትጠይቂኝ።»

ጸሐፊውን ይገዙን ቢሮው ውስጥ መዝገቡን ታቅፎ ላብ በላብ ሆኖ አገኘችው።

«ጓድ ይገዙ፣ የሰው ኮታ እየመዘገብክ የራስህን ትቀብራለህ?»

«ልጆች አሉኝ እኮ!»

«ሌላው ልጆች የሉትም? የትኛውን እጅህን ነው ያተምከው?»

«ግራዬን። ቀኙ የምጽፍበት ነው፣ እበት እንዳይነካው ብዬ…»

ወሰንየለሽ ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ደግሞ ኮስተር አለች። «አምና የዘማቾቹን ስም የጻፍከው አንተ ነህ?»

የይገዙ ፊት አመድ መሰለ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ። የሰረዘው ሞቱማ ነው።»

«ማንን ሰርዞ ማንን አስገባ?»

ግራ ቀኝ አይቶ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለና ሁለት ስሞች ነገራት።

የመጨረሻዋ አየለች ነበረች። ቤቷ ከጉደታ ቤት ጋር አጥር ይጋራል። ባል የሞተባት፣ ከሲታ ሴት ናት፤ ሰውነቷን በጋቢ ጠቅልላ ደጇ ላይ ነጭ ሽንኩርት ትጎነጉናለች።

«አዴ አየለች፣ ልጅዎ…»

«ቱፋ ነው ስሙ። አንድ ነበር። ጥር ላይ ከጦር ሜዳ መርዶው መጣ። ሬሳም የለ፣ ልብስም የለ፤ አንድ ወረቀት ብቻ።»

«ሞቱማ ሲሞት አዘኑ?»

«ልዋሽሽ?»

«አይዋሹኝ።»

«እንግዲያው አትጠይቂኝ።»

«ከዚህ ቤት መዳፉን ያተመው ማን ነው?»

የአየለች ጣቶች ቀጥ አሉ። «ረሳሁት።»

«ጉደታን መኪና መጥቶ ሊወስደው ነው። ጎረቤትዎ ነው፣ አምስት ልጆች አሉት።»

«ይውሰዱት» አለች አየለች፣ ቀና እንኳ ሳትል። ወሰንየለሽ በሥራዋ ብዙ ክፉ ቃል ሰምታለች፤ እንዲህ የቀዘቀዘ ግን አልሰማችም።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ጉድጓዱ ዘንድ ተሰበሰቡ፤ ረዲ፣ ይገዙ፣ አየለች፣ ጉደታና ልጁ፣ ካድሬው፣ ከኋላቸውም መንደሩ በሙሉ። ወሰንየለሽ መሬት ላይ በተነጠፈ ቁርበት አጠገብ ቆመች። ቁርበቱ ላይ የገጣጠመችው ምርጊት ተዘርግቷል።

«ሞቱማ የመጣው ለመንግሥት ሊወርስ ቢሆን ታጣቂ ያስከትል ነበር» ብላ ጀመረች። «ማኅተም የሌለው ጆንያ ይዞ፣ ምሽት ላይ፣ ለብቻው መጣ። ለራሱ ሊዘርፍ ነው። አንድ ሰው ‹ና፣ ማንም ሳያይ ላሳይህ› ብሎታል።»

«ለብቻው ወድቆ ቢሆንስ?» አለ ይገዙ።

«ፋኖሱን አይተኸዋል? በእጁ ብርሃን ይዞ መጥቶ ብርሃኑን ላይ ሰቅሎ ባትሪ ይዞ ይወርዳል? ‹ፋኖሱን ወዲህ በለው፣ በዚህ ግባ› ያለው ሰው አለ። ፋኖስ መጥፎ አየር ሲያገኝ ይጠፋል፤ ሞቱማም ይነቃ ነበር። ባትሪ ግን አይጠፋም። ይህን የሚያውቁት ደግሞ የጉድጓዱ ባለቤቶች አራቱ ናቸው።»

«ጉደታ ነዋ!» አለ ካድሬው።

«ጉደታ ቢሆን ጠዋት ታጣቂው ሲወርድ ዝም ይል ነበር። ሁለት ሬሳ ሲወጣ ሁሉም ‹አደጋ ነው› ብሎ ይሄዳል። ደግሞስ በራሱ ተራ የተረከበውን ባትሪ ሟች እጅ ላይ ትቶ የሚሄድ ጅል ነው? ባትሪው የተመረጠው ጉደታ እንዲያዝበት ነው። ገዳዩ የጠላው ሁለት ሰው ነው፤ አንዱን ገደለ፣ ሁለተኛውን እናንተ እንድትገድሉለት አሰናዳ።»

ጉደታ ቀና አለ። ወሰንየለሽ ወደ ቁርበቱ ጎንበስ አለች።

«ይኸ ጣት የጎደለው መዳፍ የኦቦ ጉደታ ነው። ይኸ ግራ እጅ የጸሐፊው። ይኸ ቀለበት ያለበት የረዲ። ሦስቱም በዶማ ተከስክሰዋል። አራተኛው ግን የለም። ቦታው ዳር ዳሩን በውሃ እየራሰ፣ በማጭድ እየተቆረጠ፣ ሳይሰነጠቅ ወጥቷል። ብዙ ሰዓት የፈጀ ሥራ ነው። ገዳዩ ይህን ሁሉ ለምን ለፋ? ለመደበቅ ነው እንዳልል፣ የማን መዳፍ እንዳለበት አራቱም ያውቃሉ። መስበር ስላልሆነለት ነው።»

ረዲ፣ ለራሱ የሚናገር መስሎ፣ «ያተመው ቱፋ ነበር። እየሳቀ፣ ‹የኔ ይበልጣል› እያለ» አለ።

አየለች ወደ ፊት ወጣች። ከጋቢዋ ሥር በነጠላ የተጠቀለለ ነገር አውጥታ ገለጠችው። ሰፊ የጎረምሳ መዳፍ ነበር፤ አምስቱም ጣቶች ደህና ናቸው።

«ማንም እንዳይነካው» አለች። «አዎ፣ እኔ ነኝ። ምርጊቱን ቀን አፈረስኩት። ድንጋዩን ለማንሳት አቅም ስላልነበረኝ ራሱ ሞቱማ አነሳው፤ ስግብግብ! ‹ፋኖሱ እህሉን ያጨሰዋል፣ እንካ ባትሪ› አልኩት፤ እሺ አለ። እኔን ምን ብሎ ይፈራኛል?»

«ለምን ገደልሽው?» አለ ካድሬው።

«የውትድርናው ዕጣ የቱፋ አልነበረም። ልጄ ከሞተ በኋላ፣ ጠጥቶ በደጄ ሲያልፍ ‹ያንቺ የተጻፈው በሬ ስላልነበረሽ ነው› አለኝ። ሳቀ ደግሞ! የሚቆጨኝ አንድ ነገር ነው፤ እንቅልፍ እንደወሰደው ሰው ነው የሄደው። ልጄ እንደዚያ አልሞተም።»

«ዕጣው የማን ነበር?» አለ ቀንዓ። ከጠዋት ጀምሮ ሲናገር የተሰማው ገና አሁን ነው።

ይገዙ መዝገቡን ጨበጠ። ጉደታ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ቀንዓ አባቱን አየ፣ አየለችን አየ፣ ከዚያ ነጠላው ላይ የተኛውን መዳፍ ረጅም ጊዜ አየ።

ወዲያው የመኪናው ድምፅ ተሰማ። ካድሬው ነቃ ብሎ «እሺ፣ ጉደታ ይፈታ። እህሉ ግን ለኮታ ይጫናል» አለ።

«ይጫን» አለች ወሰንየለሽ። «እኔም ሊቀመንበርህ ሌባ፣ ጸሐፊህ እህል ደባቂ እንደነበሩ፣ የዘማች ስም በበሬ ይለወጥ እንደነበረ አንድ በአንድ እጽፋለሁ። ወይስ ሰዎቹ ዘራቸውን ይዝሩ?»

ካድሬው አገጩን አሻሸ። «ይዝሩ» አለ በመጨረሻ፣ ወደ መኪናው እየሄደ።

ጉደታ እየተንገዳገደ ወደ አየለች መጣ። «የቱፋ እናት…» አለ።

አየለች ወደ እሱ አልዞረችም። «ፈታችሁት?» አለቻት ወሰንየለሽን።

«ሞቱማን አልገደለም። የበሬው ጉዳይ ይጣራል፤ ምን እንደሚደርስበት ግን አላውቅም።»

«ግድ የለም» አለች አየለች። መዳፉን መልሳ ጠቀለለችና ለመርማሪዋ በሁለት እጇ ሰጠቻት። «የሱ ልጅ ሰምቷል።»

ቀንዓ ያን ጊዜ ቁልቁል ወደ አምቦ የሚወስደውን መንገድ ይዞ ሄዷል፤ በትሩንም ጋቢውንም ጥሏቸዋል። ጉደታ «ቀንዓ! ቀንዓ ኮ! የኔ ልጅ!» እያለ ተጣራ። ልጁ አልዞረም። አየለች ጥሪውን እየሰማች፣ ማንም ሳይደግፋት፣ መኪናው ላይ ወጣች።