ኮከቡ በዞረ ቁጥር

እመኑኝ አልልም። እኔም ከሌላ ሰው ብሰማው ኖሮ ስቄ አልፈው ነበር... ግን ወላሂ፣ ደርሶብኛል።

2006 ዓ.ም.፣ መካነ ሰላም፣ እናቴ ቤት። ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት።

በዚያ ዓመት ሰው ከሳውዲ በገፍ ይመለስ ነበር። የጎረቤት ልጆች ሁሉ ገቡ። እህቴ ፈርሂያ ግን የውኃ ሽታ ሆነች።

ሳውዲ ስትሄድ እናቴ መዳፏ መሀል ላይ አንዲት ቀይ የሂና ነጥብ አድርጋላት ነበር። ከሄደች ወዲህ በየጊዜው አንዴ ደውላ ትዘጋለች። ሚስኮል። "ደህና ነኝ" ማለቷ ነው። ካርዷ እንዳይቆጥርባት ማንም አያነሳም።

አሁን ግን ስልኩ ዝም ካለ ወራት አለፉ...

እኔ ደግሞ እሷ በላከችልኝ ላፕቶፕ የማስተርስ ጥናቴን እሠራለሁ። ሰው እህቱን ይፈልጋል፣ እኔ ኮከብ አሽከረክራለሁ!

ኒውትሮን ኮከብ የሞተ ኮከብ አስከሬን ነው። እንደ እንዝርት ይሾራል። ዙሪያውን የሚከብበውን ፕላዝማ፣ ያንን የጋለ የኤሌክትሪክ ጋዝ፣ ኮምፒውተሩ አስመስሎ በነጫጭ ነጥቦች ያሳየኛል።

ፕሮግራሙን አስጀመርኩት።

ኮከቡ አንድ ዙር ዞረ... የእናቴ ስልክ አንዴ ጮኸና ተቋረጠ።

የፈርሂያ ቁጥር!

"አልሐምዱሊላህ! ልጄ ደህና ናት!" እናቴ አለቀሰች።

ሁለተኛ ዙር... ጮኸ፣ ተቋረጠ።

ደነገጥኩ። ፕሮግራሙን አቆምኩት። ስልኩም ዝም አለ።

መልሼ አስነሳሁት... ጮኸ።

ያኔ ነው ከነጫጮቹ መሀል አንዲት ቀይ ነጥብ ያየሁት። ቀይ ቀለም ፕሮግራሙ ውስጥ አልጻፍኩም። ሌሎቹ እየተፈናጠሩ ሲወጡ እሷ ብቻ መውጫ አጥታ ትዞራለች።

"እማ... አንሺው" አልኳት በሹክሹክታ።

"ካርዷን ልጨርስባት?"

"በአላህ አንሺው!"

አነሳችው። ብዙ አዳመጠች። ፊቷ አመድ መሰለ።

"ምን አለች?"

"ዞረብኝ ነው የምትል... 'ወንድሜን አሕመድኑርን አቁም በዪው... ደከመኝ'..."

"ካቆምኩት እኮ ዳግመኛ አትደውልም!"

"አውቃለሁ..." አለች። "አቁምላት፣ ልጄ።"

አልቻልኩም። ጨርሶ ከማጣት እየዞረችም ብትሆን ትኑርልን ብዬ ተመኘሁ። እናቴ ግን እጄን ያዘችኝ።

እያለቀስኩ አጠፋሁት። ባትሪውንም ነቀልኩት።

ስልኩ ዝም አለ።

የጠቆረው ስክሪን ላይ ግን ቀይዋ ነጥብ አለች... አትዞርም። ቆማለች።

እናቴ መዳፏን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች። "መጣሽ?" አለች ቀስ ብላ።

እጇን ስታነሳ ስክሪኑ ባዶ ነበር።

ነጥቧ በእናቴ መዳፍ መሀል ላይ ነበረች... እንደ አዲስ ሂና፣ ገና እርጥብ።