ያልደረስንበት ቦታ የወደቀው ዳዶ

በዚያ ቅዳሜ መኪናዋ ውስጥ የነበርነው አራት ሰዎች ነን፣ በኋላ «እኔ እዚያ አልነበርኩም» የሚል እንዳይመጣ አንድ በአንድ ልጥራን። መሪውን የያዙት የመኪናዋ ባለቤት ጋሽ ታምራት ናቸው። ከጎናቸው የተቀመጠው እኔ የምሠራበት ጋራዥ ባለቤት ደረጀ ነው። ከኋላ በግራ በኩል፣ ልክ ከጋሽ ታምራት ጀርባ፣ ከአሰላ ገበያ የገዙትን ጥቅል ስፖንጅ ፍራሽ ታቅፈው አዴ ኩልሱም ነበሩ፣ መንገድ ላይ ያሳፈርናቸው የደጋ እናት ናቸው። በቀኝ በኩል እኔ፣ ሱልጣን። በቃ፣ አምስተኛ ሰው አልነበረም።

እኔ ስለ ጂንና ስለ ጥላ ሲወራ የማምን ሰው አይደለሁም፣ እንዲያውም ወሬው ራሱ ይደብረኝ ነበር። መካኒክነትን ያስተማረኝ ሰው የለም፣ የተጣለ ሞተር እየፈታሁ፣ ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ነው የለመድኩት፣ ከዚያ ሁሉ የተረፈኝ እምነት ድምፅ ሁሉ ምክንያት አለው የሚል ነው፣ የሚንኳኳ ካለ የላላ ነገር አለ፣ የሚያፏጭ ካለ የሚያስተነፍስ ቀዳዳ አለ። ሰው «ጣሪያዬ ላይ ሲራመዱ ሰማሁ» ሲለኝ እኔ የማስበው ቆርቆሮው ስንት ሚስማር እንደጎደለው ነበር። አሁንም ይህን የምጽፈው አምኜ አይደለም፣ ተናድጄ ነው፣ ከተማው ውስጥ በስሜ የሚወራውን ስለሰማሁ ነው።

መኪናዋ በዕድሜ ከእኔ የምትበልጥ አሮጌ ላንድክሩዘር ናት። ጋሽ ታምራት እንግዳ ጭነው ጋላማ ተራራ ሊወጡባት ፈልገው ለእኛ ሰጡን፣ ሁለት ወር ሙሉ እኔ ነኝ የሠራኋት። ባሌስትራዎቹን አውርጄ የብረት ቅጠል ጨምሬ ከፍ አደረግኋት፣ ትልልቅ ጎማ እንዲገባላት የጭቃ መከላከያውን ቆርጬ መልሼ በየድኩ፣ ወንዝ ስትሻገር ውሃ እንዳትጠጣ የጭስ መውጫውን፣ ማርሚታውን፣ ወደ ላይ አዞርኩት። ማርሚታው ላይ አንድ ብየዳ ውስጥ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ አምልጣኝ ነበር፣ በሁለተኛ ማርሽ ዳገት ስትወጣ ብቻ ቀጭን ፉጨት ታሰማለች፣ ሰኞ ልደፍናት አስቤ ነበር። ይህችን ፉጨት ያዙልኝ።

ሌላም ያዙልኝ። እኔ አንድ ዳዶ አጥብቄ ስጨርስ፣ ከዳዶው እስከ ብሎኑ ጫፍ በቀይ የጥፍር ቀለም ቀጭን መስመር አሰምራለሁ፣ ዳዶው ትንሽ እንኳ ከዞረ መስመሩ ለሁለት ይከፈላል፣ ጎንበስ ብሎ ማየት ነው። ደረጀ በዚህ እየሳቀብኝ ነው የኖረው፣ ደንበኛ ፊት ሳይቀር «ሙሽሪት፣ እጅሽንስ መቼ ነው የምትቀቢው?» ይለኛል። እኔ መስመሬን አሰምራለሁ።

አርብ ለጁምዓ ሶላት ልወጣ ስል ጋሽ ታምራት መጥተው መሪው ወደ ግራ ተጣሟል አሉ። መኪና ከፍ ሲል የሚመጣ ነገር ነው፣ ለማስተካከል ከመሪው ወደ ጎማው የሚሄደውን ዘንግ አንዱን ጫፍ መፍታት ይጠይቃል። የዚያ ጫፍ ዳዶ እንደ ዘውድ ጥርስ አለው፣ በጥርሶቹ መካከል ኮፒሊያ የምትባል ቀጭን ሽቦ አልፋ ትታጠፋለች፣ እሷ እያለች ዳዶው የትም አይሄድም። አንዴ የተፈታች ኮፒሊያ ግን ዳግመኛ አትታመንም፣ አዲስ ያስፈልጋል፣ አዲስ ደግሞ በእጃችን አልነበረም። ደረጀ እንዲህ ሲያጋጥመው ሚስማር አጥፎ ይከታል፣ በዚህ ስንት ጊዜ ተጣልተናል። «ሰኞ ኮፒሊያ ገዝቼ እሠራዋለሁ ጋሼ፣ ጠማማ መሪ አይገድልም» ብያቸው ወጣሁ።

ስመለስ መሪው ቀጥ ብሏል።

«ማን ነካው?» አልኩት ደረጀን።

«ማንም። አዲስ ባሌስትራ እኮ ሲውል ሲያድር ይቀመጣል፣ ተቀምጦ ይሆናላ» አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ።

ቅዳሜ ጠዋት ጋላማ ላይ ልንሞክራት ከመነሳታችን በፊት ከሥር ገባሁ፣ በስልኬ መብራት አየሁ፣ ቀይ ቀለሙ አለ። ወጣሁ። በራሴም የምናደደው እዚህ ላይ ነው፣ እመኑኝ፣ ቀለሙን አየሁ እንጂ ዳዶውን አላየሁም።

አዴ ኩልሱምን ያገኘናቸው ዳገቱ መጀመሪያ ላይ ነው፣ ፍራሻቸውን አቁመው ተደግፈውት ነበር። እግራቸውን ለማንሳት እየታገሉ፣ «ይህ መኪና ነው ቆጥ? ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ መሰላል የላችሁም እንዴ?» አሉኝ።

«መሰላሉን ይሄ ልጅ ረስቶት ነው አዴ» አለ ደረጀ።

«አንተን ማን ጠየቀህ? ይልቅ ፍራሼን ያዝ!»

ጋሽ ታምራት እንኳ ሳቁ። የገብሱንና የድንቹን ማሳ አልፈን፣ የመጨረሻዎቹን ቤቶች ትተን፣ የአስታው ቁጥቋጦ ወደሚጀምርበት ስንደርስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው፣ ጉም ወረደ። የነሐሴ ጉም ታውቁታላችሁ፣ ከኮፈኑ ጫፍ ወዲያ ምንም የለም። ከወለሉ ሥር አንዲት ኳ የምትል ነገር ሰማሁ፣ አንዴ ብቻ።

«ጋሼ፣ እባክዎ ትንሽ ቢያቆሙልኝ።»

«ይንዱት ጋሼ» አለ ደረጀ፣ «ይሄ ልጅ ዝንብ ስታስነጥስ እንኳ ክሪክ ይዞ ነው የሚወጣው።»

እሳቸውም መንዳታቸውን ቀጠሉ። ያስቆመን እኔ ሳልሆን ከኋላችን የመጣ ክላክስ ነው፣ ሁለት ጊዜ፣ አጭር አጭር። ጋሽ ታምራት ቀኙን ይዘው ቆሙ፣ በጉሙ ውስጥ ከየት እንደሚመጣ ለመስማት ሞተሩን አጠፉ፣ አዴ ኩልሱምም መስኮታቸውን ዝቅ አደረጉ። ዳገቱን እየጎተተ የሚመጣ የናፍጣ ሞተር ነው፣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ። ከሞተሩ ድምፅ በላይ ደግሞ ቀጭን ፉጨት አለ።

የእኛ ሞተር ጠፍቷል፣ ቁልፉ በጋሽ ታምራት እጅ ነው፣ የማርሚታዬ ፉጨት ግን ከኋላ እየመጣ ነው። አንድ ሰው የራሱን ብየዳ ድምፅ አይስትም።

በግራችን አለፈ። መኪናችን ተነቃነቀች፣ የናፍጣ ጭስ ገባ፣ የአዴ ኩልሱም ጉንጭ ላይ ጭቃ ተረጨ። ማናችንም ግን ያየነው መኪና የለም፣ ጉሙ ብቻ ለአንድ አፍታ ጠቆር አለ። አዴ ኩልሱም ፊታቸውን በነጠላቸው ጠርገው ወደ እኔ ዞሩ።

«ያ ጉርባ፣ ምን ሆነህ ነው የምትጮኸው?»

«እኔ? ምንም አላልኩም አዴ።»

«‹ማን ነው የፈታው?› ብለህ ጮህክ እኮ! በዚህ መስኮት ሥር ነው የሰማሁት፣ የአንተ ድምፅ ነው።»

ደረጀ ዞር ብሎ ሳቀ። «ይሄ? ይሄ ክሪክ እግሩ ላይ ቢወድቅም አይጮህ።»

ያለፈን የሞተር ድምፅ ሽቅብ ሄደ፣ ከዚያ ቆመ። የናፍጣ ሞተር ሲጠፋ አንዴ ሁለቴ ተንቀጥቅጦ ነው የሚጠፋው፣ ይህ ግን እንደ ተቆረጠ ክር ነው ያለቀው። ጋሽ ታምራት ቁልፉን ሊያዞሩ ሲሉ እኔ በሩን ከፍቼ ወርጄ ነበር፣ ማንንም ሳላስፈቅድ፣ እንዲህ አድርጌ አላውቅም።

በግራችን ያለው ጭቃ ላይ ትኩስ የጎማ ዱካ አለ። የእኛ የፊት ቀኝ ጎማ አንድ ጥርሷ የተገነጠለ ናት፣ ስትዞር ጭቃው ላይ በየተራ አንድ ባዶ ቦታ ትተዋለች። የዚህኛው ዱካም ይተዋል። ከባዶው እስከ ባዶው በስንዝር ለካሁ፣ አሥራ ሁለት። ተመልሼ የራሳችንን ጎማ ዙሪያ ለካሁ፣ አሥራ ሁለት።

ዱካውን ተከትዬ ወደ ላይ ሄድኩ፣ ደረጀም «አብደሃል?» እያለ ከኋላዬ መጣ። አርባ እርምጃ ያህል ቆጥሬአለሁ፣ ሽቅብ ነው፣ መኪናችን ገና ያልረገጠው መሬት ነው። እዚያ በሁለቱ ዱካዎች መካከል አንድ ዳዶ ወድቋል። አነሣሁት። ጥርስ ያለው ዳዶ ነው፣ በጥርሶቹ መካከል ሚስማር የፋቀው የዝገት ምልክት አለ፣ በላዩ ላይ ደግሞ ቀይ ቀለም ተለቅልቋል፣ እንደ እኔ ቀጭን መስመር አይደለም፣ በችኮላ በአውራ ጣት የተቀባ ነው።

ሮጬ ወረድኩ፣ ከመኪናችን ሥር ገባሁ። የመሪው ዘንግ ጫፍ ላይ ዳዶ የለም። ጫፉ ቀዳዳው ውስጥ ስለተጣበቀ ብቻ ነው ዘንጉ ያልወደቀው፣ በመዶሻ እጀታ አንዴ ነካ ሳደርገው እጄ ላይ ወደቀ። የሚቀጥለው ጉድጓድ ቢያገኘን መሪው የጋሽ ታምራት እጅ ላይ ባዶውን ይዞር ነበር።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም፣ የደረጀን ኮሌታ መያዜን ብቻ አስታውሳለሁ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ያልጮህኩት ሰውዬ ጮህኩ፦

«ማን ነው የፈታው?»

ጩኸቴ ከጉሙ ውስጥ ተመልሶ ሲመጣ ነው አዴ ኩልሱም ያሉት ትዝ ያለኝ። ቀና ስል በመስኮቱ እያዩኝ ነው፣ ፍራሻቸውን አጥብቀው ይዘው፣ ከንፈራቸው «ያ ረቢ» ይላል።

ደረጀ አልመለሰልኝም። እጄን ፈልቅቆ ዳዶውን አየና፣ «ከእኛ ወድቆ ተንከባሎ ነው» አለ።

«ሽቅብ?» አሉ ጋሽ ታምራት።

ደረጀ ፊቱን አዞረ። አርብ እኔ ሶላት ላይ ሳለሁ ዘንጉን የፈታው እሱ ነው። የሞያዬን ምልክት፣ ሰው ሕይወቱን እንዲያምንበት ብዬ የማሰምረውን መስመር፣ የራሱን ሚስማር ለመሸፈን ሰርቆ ቀባው፣ ከዚያም እላዩ ላይ ተቀምጦ በእኔ እየቀለደ መጣ። እሱም እኮ እዚያው ጋቢና ነበር! «አይፈታም» ብሎ ነው፣ ሁልጊዜ እንደሚለው።

ጋሽ ታምራት ዱካውን ይዘው ወደ ፊት ሄዱና ቀለማቸው ተለውጦ ተመለሱ። «ኩርባው ላይ አልታጠፈም» አሉ። ሄደን አየን። መንገዱ ወደ ግራ ይታጠፋል፣ ዱካው ግን ቀጥ ብሎ በሣሩ ላይ አልፎ ገደሉ አፍ ድረስ ሄዷል፣ አፉ ላይ ያለው ሣር ወደ ታች ተኝቷል። ተጣራን። ድንጋይ ወረወርን። ጭስ የለም፣ ድምፅ የለም። በኋላም በየመንደሩ ጠይቄአለሁ፣ የጠፋ መኪና የለም፣ የጠፋ ሰውም የለም።

ያገኘሁትን ዳዶ መልሼ ገጠምኩት፣ ልክ ነው፣ ክሩ ሳያስቸግር ገባ። ከመኪናዋ ቴፕ በነቀልኩት ሽቦ አሰርኩትና በሰው እርምጃ ወደ ታች ወረድን። አዴ ኩልሱም ግን አልሳፈርም አሉ፣ ፍራሻቸውን ተሸክመው ሽቅብ በእግራቸው ሊሄዱ ሲሉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ በአገጫቸው ደረጀን እያሳዩ፣ «ያኛው መኪና ውስጥ ስትጮህ ጊዜ እሱም መልሶልህ ነበር» አሉኝ።

«ምን አለ አዴ?»

«እሱ ራሱ ይንገርህ።»

ሰኞ አዲስ ዳዶና አዲስ ኮፒሊያ ገጠምኩ፣ የማርሚታውንም ቀዳዳ በእጄ ደፈንኩ፣ በዚያው ጋራዡን ለቀቅኩ። ደረጀ ከዚያ ቀን ጀምሮ በየካፌው «ሱልጣን ዳዶ ሳያጠብቅ ሊፈጀን ነበር፣ ቀለሙም የራሱ ነው» እያለ ነው፣ ሁለት ደንበኛ በዚህ ምክንያት ሊያሠራኝ ፈርቷል። ያ ዳዶ ግን እኔ ጋ ነው፣ ማየት ለሚፈልግ አሳያለሁ። ጉም እስከ ከተማው በሚወርድበት ቀን ደግሞ ያቺን ፉጨት እሰማለሁ፣ በሁለተኛ ማርሽ ከቤቴ በላይ ያለውን ዳገት ስትወጣ። ቀዳዳዋን ደፍኛታለሁ እኮ። ወጥቼ አላይም።

እንግዲህ እኔ የማውቀው ይሄ ነው። ጋሽ ታምራት፣ ያ ዱካ ገደሉ አፍ ላይ ምን እንደሚመስል ከእኔ በፊት ያዩት እርስዎ ነዎት፣ ያጎደልኩት ካለ ይጨምሩበት። አዴ ኩልሱም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ላይ ሳገኝዎት «ፍራሹ ይመቻል» እያሉ ያልፉኛል፣ የሰሙትን ይንገሩኝ፣ ማሎ፣ እባክዎ። ደረጀ፣ አንተም እዚያ ነበርክ። ያኛው መኪና ውስጥ ያለኸው አንተ፣ ገደሉ ጋ ከመድረሳችሁ በፊት መልሰህልኛል። ምን ብለህ ነው የመለስክልኝ?